የዕቁቡን ገንዘብ ለሙሉ ሰውነት ኤምአርአይ ላውለው ወይ?

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፤

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 47 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከጥቂት ወራት በፊት የጽዋ ማኅበራችን አባል የነበረች ጓደኛዬ በትልቁ አንጀት ካንሰር አረፈች። 51 ዓመቷ ነበር፤ ታመመች ከተባለ ስድስት ወር እንኳ አልሞላትም። ለቅሶው ላይ ሁሉም ሰው የሚያወራው "ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ" እያለ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር የሚያይ የኤምአርአይ ማስታወቂያ ይመጣብኛል። ጨረር የለውም፣ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ ካንሰርን ገና ሳያድግ ያገኛል ይላል። ለአንድ ሰው 2,500 ዶላር ገደማ ነው። በዚህ ወር የዕቁብ ዕጣ ወጥቶልኛል፤ እኔም ባለቤቴም እንድንነሣ አስቤያለሁ። ባለቤቴ 54 ዓመቱ ነው፤ ኡበር ይሠራል፤ ሐኪም ቤት መሄድ አይወድም። በባድመ ጦርነት እግሩን ከመመታቱ በቀር ምንም የለበትም። "ለጤነኛ ሰው 5,000 ዶላር!" ብሎ ተቆጥቶኛል። እኔም ከድካም በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። ኢንሹራንስ አለን፤ ግን ብዙም አንጠቀምበትም። በቤተሰባችን ካንሰር የለም፤ አባቴም ጎንደር የሞተው በወፍ በሽታ ነው፣ ሆዱ አብጦ፤ ገና 52 ዓመቱ ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ገንዘብ እንደሆነ ተመልሶ ይመጣል። ጉዳት ከሌለው ባደርገው ምን ችግር አለው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ውድ እኅቴ፤

የጓደኛዎን ነፍስ ይማር፤ እርስዎንም ያጽናዎት። ከለቅሶ ቤት ይዘውት የተመለሱት ፍርሃት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። "ቀጥሎ እኔ ብሆንስ?" የሚለው ሐሳብ ሌሊት ሲመጣ፣ ማስታወቂያው ደግሞ መፍትሔውን ይዞ ስልክዎ ላይ ይጠብቅዎታል።

መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። የዕቁቡን ገንዘብ ለዚህ አያውሉት፤ ቢያንስ አሁን አያውሉት። ይህን የምለው ባለቤትዎ በተቆጡበት ምክንያት አይደለም። 5,000 ዶላሩ ሕይወት እንደሚያድን የሚያሳምን ማስረጃ ቢኖር ኖሮ ተበድረውም ቢሆን ያድርጉት ባልኩዎ ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ደብዳቤዎ ውስጥ እግረ መንገድዎን ጣል ያደረጓቸው ሁለት ነገሮች አሉ፦ የአባትዎ አሟሟትና የባለቤትዎ እግር። ሁለቱም ከማስታወቂያው የበለጠ ትኩረት ይሻሉ። እመጣባቸዋለሁ፤ አስቀድሜ ግን የጠየቁኝን ልመልስ።

ማስታወቂያው ስለ ጨረሩ የሚለው እውነት ነው። ኤምአርአይ እንደ ራጅ ወይም እንደ ሲቲ ስካን አይደለም። በኃይለኛ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ፣ በሰውነታችን ውስጥ ባለው ውኃና ስብ ላይ ያለው ሃይድሮጅን የሚሰጠውን ምልክት እየለቀመ ነው ሥዕሉን የሚሠራው። እ.ኤ.አ. በ1977 የሰው ደረት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ዘዴ ሲነሣ አምስት ሰዓት ገደማ ፈጅቶ ነበር፤ ዛሬ መላ ሰውነት በአንድ ሰዓት ያልቃል። ለዚህ መሠረት የጣሉት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ ይገባቸዋልም። የአከርካሪ ነርቭ ሲጫን፣ ጉልበት ውስጥ ጅማት ሲበጠስ፣ አንጎል ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ሲያስፈልግ ከዚህ ማሽን የሚስተካከል ጥቂት ነው።

ታዲያ ሐኪም ወደ ኤምአርአይ ሲልክዎ ጥያቄ ጽፎ ነው የሚልክዎ። "ይህች ሴት ቀኝ እግሯ ደንዝዟል፤ የትኛው ነርቭ ነው የተጫነው?" ይላል። ሥዕሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ያንን ጥያቄ ይዞ ያያል፤ ያገኘውንም ከሕመምዎ ጋር ያስተያያል። ምንም ሳያምዎ ሲነሡ ግን ጥያቄ የለም። ማሽኑ ያየውን ሁሉ ያወጣል፤ አንባቢውም ያየውን ሁሉ መጻፍ አለበት፤ ባይጽፍና ነገ አንድ ነገር ቢሆን ይጠየቅበታላ።

ነገሩ የገነነው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ዝነኛዋ ኪም ካርዳሺያን ይህን ምርመራ ከሚሸጠው ከፕሬኑቮ ኩባንያ ማሽን አጠገብ የተነሣችውን ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ከለጠፈች በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ የሚባለው የራዲዮሎጂስቶች ማኅበር አቋሙን አስታውቆ ነበር፦ የሕመም ምልክት፣ ለበሽታ የሚያጋልጥ ነገር ወይም የቤተሰብ ታሪክ ለሌለው ሰው መላ ሰውነትን መመርመር ዕድሜ እንደሚያራዝም የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ይልቅስ ብዙ ትርጉማቸው ያልለየ ነገሮች እየተገኙ ሰውን ላላስፈላጊ ተጨማሪ ምርመራና ወጪ ይዳርጋሉ የሚል ነው። እነማን እንደሆኑ ልብ ይበሉልኝ። ይህን ያሉት ማሽኑ በበዛ ቁጥር ሥራቸውም ገቢያቸውም የሚበዛላቸው ሐኪሞች ናቸው።

የሚገኙት ነገሮች ምን ዓይነት ናቸው ካሉ፣ ከጀርባ ልጀምር። ምንም የጀርባ ሕመም የሌላቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች የተነሡባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ግምገማ አለ። በ20ዎቹ ዕድሜ ካሉት 37 በመቶ፣ በ50 ዓመት ካሉት 80 በመቶ፣ በ80 ዓመት ካሉት 96 በመቶ የሚሆኑት የዲስክ መድከም ታይቶባቸዋል። ሰዎቹ ምንም አላመማቸውም። የዲስክ መድከም ለብዙው ሰው እንደ ሽበት ያለ የዕድሜ ምልክት ነው፤ ወረቀት ላይ ተጽፎ ሲነበብ ግን በሽታ ይመስላል። ስንት ወገናችን ነው "ዲስኬ ተንሸራቷል" ተብሎ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁን ማንሣት የፈራው!

አንጎልም እንዲሁ ነው። በሆላንድ ሮተርዳም 2,000 ጤነኛ ጎልማሶችና አረጋውያን ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ2007 ውጤቱ ሲታተም፣ 7 በመቶ ያህሉ ሳያውቁት ትንሽ ስትሮክ አልፎባቸው ነበር፤ 1.8 በመቶው የደም ሥር እብጠት፣ 1.6 በመቶው ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ተገኝቶባቸዋል። አሁን ራስዎን በአንደኛቸው ቦታ ያስቀምጡ። አንጎልዎ ውስጥ ትንሽ የደም ሥር እብጠት አለ ተባሉ እንበል። ምናልባት ዕድሜ ልክዎን አብሮዎት ኖሮ ምንም አያደርግዎ ይሆናል። ቀዶ ጥገናው ራሱ አደጋ አለው። ይተው ቢባል ደግሞ ራስዎን ባመመዎ ቁጥር ፈነዳ ብለው ይደነግጣሉ። አሁን እንቅልፍ የለኝም ብለውኛል፤ ያን ጊዜ የሚመጣው እንቅልፍ ማጣት ከዚህ የባሰ ነው።

ለእርስዎ ዕድሜ የሚቀርበው ደግሞ ማዮማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ የማኅፀን ዕጢ ነው። እዚህ አገር በተደረገ ጥናት ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት 50 ዓመት እስኪሞላቸው ማዮማ ይኖራቸዋል፤ አብዛኞቹ ሳያውቁት። በዕድሜ ከእርስዎ ጋር የምትቀራረብ አንዲት ታካሚ የሙሉ ሰውነት ውጤቷን ቦርሳዋ ውስጥ አጣጥፋ ይዛ መጥታ ነበር። ወረቀቱ ብዙ ቦታ በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል። ማኅፀኗ ላይ ማዮማ፣ ጉበቷ ላይ ከአንድ ሴንቲሜትር ያነሰ ነጥብ፣ ግራ ኩላሊቷ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት፣ እንቅርቷ ላይ ትንሽ እብጠት፣ ሦስት የደከሙ ዲስኮች። ከያንዳንዱ ሥር "ተጨማሪ ምርመራ ይመከራል" ይላል። ለጉበቱ በመርፌ መድኃኒት እየተሰጠ ሌላ ኤምአርአይ፣ ለማኅፀኑ አልትራሳውንድ፣ ለእንቅርቱ በመርፌ ናሙና። የመጀመሪያውን ከኪሷ ከፍላለች፤ የኋለኞቹን ደግሞ ኢንሹራንሷ "ዲደክተብልሽ (መጀመሪያ ከኪስሽ መክፈል ያለብሽ) አልሞላም" እያለ እሷው ከፈለች። በመጨረሻ ሁሉም ምንም ሆነው ተገኙ። እሷ ግን ውጤት በጠበቀችባቸው ወራት ልጆቿን ለማን እንደምትሰጥ ስታስብ ከርማለች። "ጉዳት ከሌለው" ብለው ለጠየቁኝ አንዱ መልስ ይህ ነው።

ሌላው መልስ ከደቡብ ኮሪያ ይመጣል፤ ይህን ታሪክ ረዘም አድርጌ ልንገርዎ፣ ምክንያቱም የእርስዎን ጥያቄ አንድ አገር በሙሉ ጠይቆታል። ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1999 ብሔራዊ የካንሰር ማጣሪያ ምርመራ ጀመረች። የእንቅርት ምርመራ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ ነገር ግን ሆስፒታሎች ከ30 እስከ 50 ዶላር በምትሆን ጭማሪ አንገትን በአልትራሳውንድ እናያለን ማለት ጀመሩ። ርካሽ ነው፣ አያምም፣ ጨረር የለውም። ማን እምቢ ይላል? ሕዝቡ ተሰለፈ። እ.ኤ.አ. በ2011 የእንቅርት ካንሰር ከ1993 ጋር ሲነጻጸር በ15 እጥፍ ጨምሮ ተገኘ። በዚያ አንድ ዓመት ብቻ ከ40,000 በላይ ሰው የእንቅርት ካንሰር አለብህ ተባለ። በዚያ በሽታ የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን በነዚያ ዓመታት ሁሉ ንቅንቅ አላለም፤ በዓመት ከ400 ያልበለጠ ነው።

ምን ማለት ነው? ያ ሁሉ ካንሰር ድሮም ነበረ፤ ሰዎቹ ይዘውት ኖረው በሌላ ምክንያት የሚሞቱበት፣ አንገታቸው ሥር የተኛ ነገር ነው። አሁን ተገኘና እንቅርታቸው ተቆርጦ ወጣ። ከተቆረጡት አብዛኞቹ ዕድሜ ልካቸውን በየቀኑ ክኒን ይውጣሉ። ከመቶው 11 የሚሆኑት በአንገት ያሉ የካልሲየም ተቆጣጣሪ ዕጢዎቻቸው ተጎዱ፤ ከመቶው ሁለቱ የድምፅ ነርቫቸው ተነካ። እ.ኤ.አ. በ2014 የኮሪያ ሐኪሞች ተሰባስበው "ጤነኛውን ሰው አትመርምሩት" ብለው በአደባባይ ተናገሩ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ቀዶ ጥገናው በሲሶ ያህል ቀነሰ።

"ቀድሞ ቢታወቅ" የምንለው ነገር ስለ ካንሰር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ካንሰር እንዲህ የተኛ ነው፤ ባይነካ ይሻላል። አንዳንዱ ደግሞ ክፉ ፈጣን ነው፤ ዛሬ ንጹሕ ነዎት ተብለው ከሁለት ወር በኋላ ይነሣል፣ በዓመት አንዴ የሚነሣ ፎቶ አይደርስበትም። በመሐል ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚያድጉና በጊዜ ከተያዙ የሚድኑ አሉ። የማጣሪያ ምርመራ ሕይወት የሚያድነው እነዚህ ላይ ነው፤ እነርሱን ለመያዝ የሚበጁት መሣሪያዎች ደግሞ በብዛት ኤምአርአይ አይደሉም።

የጓደኛዎን ነገር እዚህ ላይ ላንሣው። የትልቁ አንጀት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕ ከምትባል ትንሽ ሥጋ ተነሥቶ በዓመታት ውስጥ ነው የሚያድገው። እንደዚያች ያለች ፖሊፕ በሙሉ ሰውነት ኤምአርአይ ላይ በደንብ አትታይም፤ አንጀት ይንቀሳቀሳል፣ ውስጡም አልተጠረገም። በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ግን ሐኪሙ በዓይኑ ያያታል፤ እዚያው ቆርጦ ያወጣታል፤ ካንሰር ሳትሆን ትቀራለች። እዚህ አገር ከ2021 ጀምሮ የሚመከረው ዕድሜ 45 ነው። እርስዎ 47፣ ባለቤትዎ 54 ናችሁ። ሁለታችሁም ዘግይታችኋል። እያባረረዎት ላለው ፍርሃት ትክክለኛው ምርመራ ይህ ነው፤ በኢንሹራንስዎ ደግሞ ያለ ክፍያ ይሠራል። ኮሎኖስኮፒ ከፈሩ በየዓመቱ ከቤት የሚላክ የሰገራ ምርመራ አለ፤ እርሱ ላይ ደም ከተገኘ ግን ኮሎኖስኮፒው አይቀርም። ዝግጅቱ አንድ ቀን ፈሳሽ ብቻ መጠጣትና ሌሊቱን ሽንት ቤት መመላለስ ነው፤ ጾም የለመደ ሰው ይችለዋል። ማደንዣ ስለሚሰጥዎ መንዳት አይችሉም፤ ያን ዕለት ባለቤትዎ ኡበራቸውን አጥፍተው እርስዎን ይመልሱ።

ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ ከ40 ዓመት ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ነው፤ እስከ 74። ወረቀቱ ሲመጣ የጡትዎ ሥጋ ጥቅጥቅ ያለ ስለመሆኑ የሚናገር መስመር ይኖረዋል፤ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ይህን ማሳወቅ በመላ አገሪቱ ግዴታ ሆኗል። በጣም ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ስለ ተጨማሪ ምርመራ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ፤ እዚያ ላይ የጡት ኤምአርአይ በእርግጥ ቦታ አለው። የማኅፀን በር ምርመራዎ መቼ እንደተደረገ ካላስታወሱ አልተደረገም ብለው ይቁጠሩት። ድካምዎንም ዝም ብለው አይለፉት፤ በዚህ ዕድሜ የወር አበባ እየበዛ ደም ማነስ ያመጣል፤ ቀላል የደም ምርመራ ነው። ደም ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል ደግሞ የብዙ ወገኖቻችንን ልብና አንጎል የሚጥሉ ናቸው፤ ሦስቱንም ኤምአርአይ አይነግርዎትም። አንድ ሰው ንጹሕ ነህ ተብሎ ከዚያ ማሽን ወጥቶ ግፊቱ 180 ሊሆን ይችላል። "ፎቶ ተነሥቼ ምንም የለብኝም" ብሎ ኮሎኖስኮፒውን የሚተወው ሰው ከምንም በላይ ያስፈራኛል።

አሁን ወደ አባትዎ።

"በቤተሰባችን ካንሰር የለም" ብለው ወዲያው አባትዎ በወፍ በሽታ፣ ሆዳቸው አብጦ፣ በ52 ዓመታቸው እንዳረፉ ጻፉልኝ። ዓይን ቢጫ ሆኖ ሆድ ውኃ ሲቋጥር የደከመው ጉበት ነው። ጉበት የሚያደክም ብዙ ነገር አለ፤ አልኮል አለ፣ ሄፓታይተስ ሲ አለ፣ በእኛ አገር ቢልሃርዚያም አለ። በአገራችን ግን በዚያ ዕድሜ እንዲህ ለሚሞት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ይህ ቫይረስ ጉበትን ያጠወልጋል፤ የጉበት ካንሰርም ያመጣል። ብዙ ጊዜ በአገራችን ምርመራ ሳይደረግ "ወፍ ነው" ተብሎ ጸበልና ሥራ ሥር ሲሞከር ሰው ያልፋል፤ ስለዚህ "ካንሰር የለም" የሚለው የቤተሰብ ታሪክ አንዳንዴ "አልተመረመረም" ማለት ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022 ከቫይረሱ ጋር የሚኖረው ሕዝብ 254 ሚሊዮን ነው። አብዛኛው አያውቀውም፤ ምክንያቱም ለአሥርት ዓመታት ምንም ሳያሳይ ይቀመጣል። አዋቂ ሆኖ የያዘው ሰው በአብዛኛው ያሸንፈዋል፤ በሕፃንነቱ የያዘው ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል። ከእናት በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል፤ በልጅነትም በደም ይተላለፋል፦ በአንድ ምላጭ ብዙ ልጅ ሲገረዝ፣ እንጥል ሲቆረጥ፣ ግንባር ሲበጣ። በአገራችን የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እርስዎም ባለቤትዎም ከዚያ በፊት የተወለዳችሁ ናችሁ።

ምርመራው አንድ ብልቃጥ ደም ነው። ለሐኪምዎ "ኢትዮጵያ ነው የተወለድኩት፤ አባቴ በጉበት በሽታ በ52 ዓመቱ አርፏል፤ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ እፈልጋለሁ" ይበሉ። ሦስቱንም እንዲያዝዙልዎ ይጠይቁ፦ ሰርፌስ አንቲጅን፣ ሰርፌስ አንቲቦዲና ኮር አንቲቦዲ። ከ2023 ጀምሮ እዚህ አገር ያለ አዋቂ ሁሉ በዕድሜው አንድ ጊዜ እነዚህን ሦስቱን እንዲመረመር ይመከራል፤ እኛ ከመጣንበት አገር ለተወለደ ሰው ደግሞ ምክሩ ከዚያም ቀድሞ ነበረ፣ ኢንሹራንስም እንደ መከላከያ ምርመራ ይሸፍነዋል። ልጆችዎን የወለዱት እዚህ ከሆነ በእርግዝናዎ ጊዜ ተመርምረው ይሆናል፤ መዝገቡን ያስፈልጉት። ባለቤትዎ ግን አላረገዙም፤ እርሳቸው መመርመራቸው አጠራጣሪ ነው።

ከተገኘብዎ የዓለም ፍጻሜ አይደለም። የቫይረሱ መጠንና የጉበትዎ ሁኔታ ይታያል፤ አስፈላጊ ከሆነ እንደ ቴኖፎቪር ያለ በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን ይሰጣል። ከሰውነት ጨርሶ ባያወጣውም ያስተኛዋል፤ የጉበት መጠውለግንና ካንሰርን በእጅጉ ይቀንሳል። ከዚያም ሐኪምዎ ተጋላጭ ናቸው ካለ በየስድስት ወሩ ጉበትዎ በአልትራሳውንድ ይታያል። ቀድሞ ማወቅ እንዲህ ነው፦ ምን እንደሚፈለግ ታውቆ፣ የት እንደሚፈለግ ታውቆ፣ ሲገኝም ምን እንደሚደረግ ታውቆ። ከሌለብዎና መከላከያውም በደምዎ ካልታየ ክትባት አለ፤ በሁለት ወይም በሦስት መርፌ ያልቃል።

በአንድ ገበታ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በመሳሳም አይተላለፍም። ይህን አጥብቄ የምነግርዎ፣ ቫይረሱ ተገኘበት ተብሎ ሳህኑ የተለየበት ሰው ስላየሁ ነው። የሚለየው ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና ጥፍር መቁረጫ ብቻ ነው።

የባለቤትዎ እግር ደግሞ ለሌላ ጉዳይ ነው። በባድመ የተመቱት በምን ነበር? የቦንብ ፍንጣሪ ወይም ጥይት አሁንም ውስጡ ካለ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ዝም ብለው መግባት የለባቸውም። ማግኔቱ ብረቱን ሊያንቀሳቅሰውና ሊያሞቀው ይችላል። ሥጋ ውስጥ ተቀብሮ ዓመታት የቆየ ፍንጣሪ ብዙ ጊዜ ጠባሳ ይዞት ስለሚቆይ አይከፋም፤ ከዓይን፣ ከአከርካሪ ወይም ከትልቅ የደም ሥር አጠገብ ያለ ግን አደገኛ ነው፤ በዓይን ውስጥ ያለች ቅንጣት ብረት ዓይን ልታጠፋ ትችላለች። ስለዚህ ዛሬ ለማጣሪያ ባይሆን ነገ በሌላ ሕመም ምክንያት ሐኪም ኤምአርአይ ቢያዝላቸው "ጦርነት ላይ ተመትቻለሁ" ብለው አስቀድመው ይናገሩ፤ በራጅ ይታያል። በጦርነት ባለፈው ትውልዳችን ውስጥ ፍንጣሪ በሰውነቱ ይዞ የሚኖር ወንድ ጥቂት አይደለም፣ ቅጹ ላይ የሚሞላው ጥያቄ ግን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙው ሳያነበው "የለም" ላይ ያሰምርበታል። የአንገት መስቀልም፣ የልብ ማሽንም፣ በሰውነት የተተከለ ማንኛውም ነገር እንዲሁ ይነገራል።

ለእርሳቸው ከኮሎኖስኮፒውና ከሄፓታይተሱ ሌላ ደም ግፊታቸው ይለካ። መኪና ውስጥ ውሎ የሚያድር ሰው ናቸው። በሚመጣው ዓመት 55 ሲሞላቸው ስለ ፕሮስቴት የደም ምርመራ ከሐኪም ጋር ይወያዩ።

ምንም ሳያመው ኤምአርአይ መነሣት የሚገባው ሰው የለም ማለቴ አይደለም። ብራካ የሚባለው የዘር ለውጥ ያለባት ሴት በየዓመቱ የጡት ኤምአርአይ ትነሣለች። ሊ ፍራውሜኒ የሚባል፣ ገና በልጅነት የተለያየ ካንሰር የሚያመጣ የዘር ሕመም ያለባቸው ቤተሰቦች በየዓመቱ የሙሉ ሰውነቱን እንዲነሡ ይመከራል፤ ለእነርሱ ማሽኑ ሕይወት ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ የቅርብ ዘመዶቹ አንጎላቸው ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶ የሞቱበት ሰው የአንጎሉን ደም ሥር ይታያል። እነዚህ ሁሉ ጥያቄ ይዘው የሚገቡ ናቸው። በእናትዎ ወይም በእኅቶችዎ ወገን የጡት ወይም የእንቁላል እጢ ካንሰር እንደነበረ ቢያውቁ ያኔ ይጻፉልኝ፤ መልሴ ይለወጣል።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ አሁንም ልነሣ ቢሉ ገንዘቡ የእርስዎ ነው፤ አልቆጣዎትም። ከመክፈልዎ በፊት ግን ውጤቱን የሚቀበልና የሚያስረዳዎ የራስዎ ሐኪም ይኑርዎ፤ ለተከታዩ ምርመራ የሚሆን ገንዘብ ለብቻ ያስቀምጡ፤ የሕይወት ኢንሹራንስ ለመግዛት የሚያስቡ ከሆነም ኢንሹራንሱን መጀመሪያ ይጨርሱ፣ ወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ዋጋውን ሊያስወድድብዎ ይችላል።

ሰኞ ጠዋት ለቤተሰብ ሐኪምዎ ይደውሉ፤ ለሁለታችሁም አንድ ቀን ቀጠሮ ይያዙ፤ ባለቤትዎ ብቻቸውን ቢባሉ አይሄዱም። ስትይዙ "ለፕሪቬንቲቭ ቪዚት ነው" በሉ፤ አለዚያ ሒሳብ ሊመጣባችሁ ይችላል። ያን ዕለት ማታ ደግሞ ጎንደር ይደውሉ። ወንድሞችና እኅቶች ካሉዎ የአባትዎ ልጆች ናቸውና ተመሳሳይ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል፤ እናትዎ በሕይወት ካሉ እርሳቸውም። "ካንሰር ነው" ብለው አያስደንግጧቸው። "አባባ የታመመው ጉበቱን ነው፤ እኔ እዚህ ልመረመር ነው፤ እናንተም የጉበት ቫይረስ ምርመራ አድርጉ፣ ውጤቱን ንገሩኝ" ይበሏቸው። የምርመራውን ከዕቁቡ ይላኩላቸው።